አይጦቹ ያላሉትን አታስብሏቸው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ከርሟል። ለእኔ የደረሰኝ በእህቴ ልጅ በኩል ነው። ልጅቱ ዲቪ ደርሷት የጤና ምርመራ ቀጠሮ ይዛለች። ምርመራው ላይ የደረት ራጅ አለ። ጽሑፉን ላከችልኝና ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ? ሳልወልድ ብቀርስ?» ብላ ጨመረችበት። ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። አሜሪካኖች አይጦችን በጨረር ሲመቱ ልጆቻቸው ጎዶሎ ሆነው ተወለዱ። ጨረር ትንሽም ሆነ ብዙ፣ በአንዴም ሆነ በ10 ዓመት፣ ዘር ላይ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ሴት እንቁላሏን ይዛ ስለምትወለድ ከወንድ የባሰ ትጎዳለች። 1 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የበሽተኛ ልጆችን ቁጥር እጥፍ ያደርጋል። ጉዳቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየባሰ ይሄዳል፣ ሂሮሺማ ለዚህ ምስክር ናት። ስለዚህ መውለድ የሚፈልግ ሰው ራጅ አይነሳ። ከጽሑፉ አናት ላይ ደግሞ የአንዲት አይጥ ፎቶ አለ። የገረጣች፣ ዓይኗ የቀላ፣ ጆሮዋ ያጠረ። ከሥሩ «ጨረር ያደረገውን ተመልከቱ» ይላል።

ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። በክፋት የጻፉት አይመስለኝም። ሙከራውም ከሜዳ የተፈጠረ ወሬ አይደለም፣ በእርግጥ ተደርጓል። እንዲያውም እኔን የቆጨኝ ይሄው ነው። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ በትዕግሥት የተሠራ ሥራ ጥቂት ነው። ጸሐፊው ከእሱ የወሰዱት ግን የሚያስፈራውን ግማሽ ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። «የአይጦቹ ልጆች ጎዶሎ ሆነው ተወለዱ።»

ነገሩ የሚጀምረው በ1947 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቦታው ኦክ ሪጅ፣ ቴነሲ። ለአቶሚክ ቦምቡ ዩራኒየም ለማበልጸግ በጦርነቱ መሀል ከባዶ ሜዳ ተነስታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጦርነቱ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ቀረ። ይሄ ጨረር የልጅ ልጆቻችንን ምን ያደርጋቸዋል? ያኔ የሚታወቀው የዝንብ ነገር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ኸርማን ሙለር ኤክስሬይ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዘረመል ለውጥ፣ እንደሚያመጣ በ1927 አሳይቶ፣ በ1946 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ዝንብ ግን ዝንብ ነው። ስለ አጥቢ እንስሳ የሚናገር ሌላ ምስክር አስፈለገ።

ሥራውን የያዙት ባልና ሚስት ናቸው። ዊልያም ራስል እንግሊዛዊ ነው። ሊያን ራስል ቪየና ተወልዳ፣ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ከቤተሰቧ ጋር የሸሸች ሴት ናት። ሁለቱ በድምሩ ከሚሊዮን የሚበልጡ አይጦች ያለፉበትን ቤት መሠረቱ። ሥራው በኋላ «ሜጋማውስ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

ዘዴያቸው ቀላል ነው፣ ቀላልነቱ ደግሞ ደስ ይላል። የአይጥን ፀጉር ቀለምና የጆሮ መጠን የሚወስኑ 7 ዘረመሎችን መረጡ። ከዚያ በሰባቱም ላይ ደካማውን፣ ማለትም በሌላ በቀላሉ የሚሸፈነውን ዓይነት የተሸከመ የአይጥ ዘር አዘጋጁ። እናትየው ከዚህ ዘር ናት። አባትየው ተራ ቡናማ አይጥ ነው። ጨረሩን የሚያገኘው እሱ ነው። የሚወለዱት ልጆች ሁሉ እንደ አባታቸው ቡናማ መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም የአባትየው ጤነኛ ዘረመል የእናትየውን ደካማ ይሸፍነዋል። ጨረሩ ከሰባቱ አንዱን በአባትየው ዘር ውስጥ ካበላሸው ግን ሽፋኑ ይነሳል። አንዱ ልጅ ግራጫ ሆኖ ብቅ ይላል፣ ወይ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ወይ ጆሮው አጭር ይሆናል።

እስቲ ሥራውን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። ማይክሮስኮፕ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። አንዲት ባለሙያ የሳጥኑን ክዳን ትከፍታለች። ፀጉር ያበቀሉትን ትንንሾች አንድ በአንድ ታነሳለች። ጀርባውን ታያለች፣ ዓይኑን ታያለች፣ ጆሮውን በጣቷ ቀና ታደርጋለች፣ ሆዱን ትገለብጣለች። ቡናማ። ቡናማ። ቡናማ። ሌላ ሳጥን። ቡናማ። እንዲህ እያለች በሺህ የሚቆጠሩ አይጦች አልፈው አንድ ቀን አንድ የተለየ ታገኛለች።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ጨረር ካልነካቸው አባቶች ከተወለዱ 531,500 ልጆች የተለዩት 28 ነበሩ። 600 ሮንትገን (የድሮ የጨረር መለኪያ ነው) ኤክስሬይ በአንዴ ካገኙ አባቶች ከተወለዱ 119,326 ልጆች ደግሞ 111። ሒሳቡን ብትሠሩት አንደኛው ከ19,000 አንድ ግድም ነው፣ ሁለተኛው ከ1,075 አንድ። ወደ 18 እጥፍ ማለት ነው። ይህን አልሸፋፍነውም። ጨረር የአጥቢ እንስሳን ዘር ይለውጣል፣ ነጥብ።

ጸሐፊው ያልነገሩን ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የቀሩት 119,215 ልጆች በሰባቱ ዘረመሎች ላይ ምንም አልታየባቸውም። «ጎዶሎ» የተባሉትም ቢሆኑ ባለ ሁለት ራስ አይደሉም፣ ፀጉራቸው የነጣ ወይ ጆሯቸው ያጠረ ነው። (ሰባት ዘረመል ሁሉን አይወክልም ብትሉኝ እቀበላለሁ። ሌሎች ተመራማሪዎች በአይጥ አጥንትና በዓይን ሞራ ላይም ሚውቴሽን ቆጥረዋል፣ አግኝተዋልም።)

ሁለተኛው መጠኑ ነው። 600 ሮንትገን ወደ 6 ግሬይ ይጠጋል። ሰው ይህን ያህል መላ ሰውነቱን በአንዴ ቢያገኝ ሕክምና ካላገኘ ላይተርፍ ይችላል። የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊግሬይ (ሚሊግሬይ የግሬይ አንድ ሺኛ ነው) አይበልጥም፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 60,000 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ የእህቴ ልጅ ደረቷን እንጂ ማሕፀኗን አይደለም የምትነሳው። እንቁላሎቿ ዘንድ የሚደርሰው ፍንጣቂው ብቻ ነው። በርበሬ ምላስን ያቃጥላል የሚል ሰው አልተሳሳተም፣ አንድ ቅንጣትና አንድ ቁና ግን እኩል አያቃጥሉም።

«አንድ ቅንጣትም ይጠራቀማል» ይሉኛል ጸሐፊው። ሁለተኛው ነጥባቸው ይህ ነው፣ ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበትም እሱ ነው።

በእርግጥ በአንድ ወቅት ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እንደዚያ ያስቡ ነበር። ከዝንቡ የተገኘው ትምህርት ዋናው ድምሩ ነው የሚል ነበር። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ መጨረሻ ላይ ሒሳቡ በአንዴ እንደወሰድከው ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ከአየር ላይ የቀነጠሱት ሐሳብ አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ነው እንጂ።

ራስሎች በ1951 የመጀመሪያ ውጤታቸውን ሲያወጡ ነገሩ ይብሱን የሚያስፈራ ነበር። የአይጥ ዘር በጨረር የመለወጥ ዕድሉ ከዝንቡ 15 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። አልደበቁትም፣ አሳተሙት። ከዚያ ግን ጸሐፊው ያቆሙበት ቦታ ላይ አላቆሙም። ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ያንኑ መጠን ቀስ ብለን ብንሰጥስ?

ኤክስሬዩ በደቂቃ 90 ሮንትገን ገደማ ይሰጥ ነበር። አሁን ሲዝየም 137 የተባለውን ጨረር አመንጪ አመጡና አይጦቹን አጠገቡ አኖሯቸው። 90 ሮንትገኑን የሚያገኙት በደቂቃ መሆኑ ቀርቶ በሳምንት ሆነ። ልጆቹ ተወለዱ፣ ሳጥኖቹ ተከፈቱ፣ ቆጠራው እንደገና ተጀመረ። ውጤቱ በ1958 ወጣ። ድምሩ ያው ሆኖ ሳለ፣ ቀስ ብለው ጨረር ያገኙት አባቶች ልጆች ላይ የታየው ሚውቴሽን በአንዴ ካገኙት ጋር ሲተያይ ወደ ሲሶ ወርዶ ተገኘ።

ለምን? ሕዋስ ዝም ብሎ አይመታም። ዲኤንኤው ሲሰበር የሚጠግኑ ፕሮቲኖች አሉት። ዝናብ ቀስ ብሎ ሲንጠባጠብ ጣሪያህን እየደፈንክ ታድራለህ። ዶፍ ሲወርድ ግን በየትኛው ቀዳዳ እንደምትጀምርም ግራ ይገባሃል። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። መጠኑን ወደ 1,000 ሮንትገን ሲያሳድጉት ሚውቴሽኑ እንደተጠበቀው አልጨመረም፣ ከ600ው አነሰ። ለጨረር ስስ የሆኑት ሕዋሶች ለመለወጥ ሳይተርፉ ሞተው ማለቃቸው ነው ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ «ጨረር ሲጨምር ጉዳቱ በዚያው ልክ» የሚለው ቀጥ ያለ መስመር በገዛ ራሱ ሙከራ ላይ እንኳ ቀጥ አላለም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። ጥገናው በየደረጃው እኩል አይሠራም። ከላይ የቆጠርነው የወንድ ዘር የሚመነጭባቸውን መነሻ ሕዋሶች ነው። እነሱ ዕድሜ ልክ የሚቆዩ፣ እየተከፋፈሉ ዘር የሚያመርቱ ናቸው። ወደ ሙሉ ዘርነት እየደረሰ ያለው ሕዋስ ግን መጠገኛውን እያጣ ይሄዳል። በዚያ ደረጃ ላይ እያለ ጨረር ካገኘው የበለጠ ይጎዳል፣ ቀስ ብሎ መስጠቱም ብዙ አያድነውም። አይጥ ላይ ይህ የሳምንታት ጉዳይ ነው። ሰው ላይ ዘር ከመነሻው እስኪደርስ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። ለካንሰር የጨረር ሕክምና የወሰደ ወንድ ልጅ ለመውለድ ወራት እንዲታገስ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ጽሑፉ ይህን ቢያነሳ ኖሮ ጠቃሚ ምክር በሆነ ነበር። አላነሳውም።

ሦስተኛው ነጥብ ሴትን የሚመለከት ነው። የእህቴን ልጅ ያስደነገጣትም እሱ ነው። «ሴት እንቁላሏን ይዛ ስለምትወለድ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያገኘችው ጨረር ሁሉ እዚያው ይቀመጣል።» መጀመሪያው ልክ ነው፣ ይዛ ትወለዳለች። ተከታዩን ግን አይጦቹ አልመሰከሩለትም። ሴቶቹ አይጦች ጨረር ካገኙ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በተፀነሱት ልጆች ላይ ሚውቴሽን ታየ፣ ትንሽም አይደለም። እነዚህ ጨረሩ ሲመጣ ለመብሰል የተቃረቡ እንቁላሎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተፀነሱት ላይ ግን ሚውቴሽኑ ጠፋ ማለት ይቻላል። ማለትም ተኝተው ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት እንቁላሎች ለውጥ ይዘው አልመጡም።

እዚህ ላይ አይጥና ሰው አንድ ናቸው ብዬ ልሸውዳችሁ አልፈልግም። የአይጧ የተኙ እንቁላሎች በትንሽ ጨረር በቀላሉ ይሞታሉ፣ የሰው እንደዚያ አይደሉም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሳይንቲስቶች «ሴት ጭራሽ አትጎዳም» ለማለት አልደፈሩም። ግን «ከወንድ የባሰች ናት» የሚለው ከዚህ ሙከራ አይወጣም። ያንን ከየት እንዳመጡት ጸሐፊው ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ተደባልቆባቸው እንደሆነ ግን እገምታለሁ። ሊያን ራስል በአይጥ ላይ ሌላ ሥራም ነበራት። ማሕፀን ውስጥ ያለ ፅንስ በየትኛው ቀን በጨረር ሲመታ የትኛው አካሉ እንደሚበላሽ ለይታለች። ከዚያ ተነስተው እሷና ባለቤቷ፣ ሴት በሆዷና በዳሌዋ አካባቢ ራጅ የሚያስፈልጋት ከሆነ የወር አበባ ካየችበት ቀን አንስቶ ባሉት 14 ቀናት ውስጥ ቢሆን ይሻላል ብለው መከሩ። ያኔ እርግዝና የመኖሩ ዕድል ጠባብ ነውና። ራጅ ክፍል በር ላይ «ነፍሰ ጡር ከሆኑ ያሳውቁ» የሚል ወረቀት የሚለጠፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው። ይህ ግን የሚወረስ ጉዳት አይደለም። የተመታው ፅንሱ ራሱ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት መጠንቀቋና ያላገባች ልጅ የደረት ራጅ ፈርታ ቤት መቅረቷ ሁለት የማይገናኝ ነገር ነው።

መካንነትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጨረር በእርግጥ መካን ያደርጋል። ወንድን ለጊዜው ዘር የሚያሳጣው መጠን የዘር ፍሬው ላይ በአንዴ ከ0.15 ግሬይ ገደማ ጀምሮ ነው። የደረት ራጅ ከዚያ ከሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ሴትን መካን ለማድረግ ከዚያም የበዛ ይፈልጋል።

ወደ «እጥፍ» እንምጣ። ከሁሉም ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ ትርጉሙ የተጣመመ ነው። ሊቃውንቱ ከአይጡ ተነስተው «ማጠፊያ መጠን» የሚሉት አላቸው፣ 1 ግሬይ ገደማ ነው። ይህ ማለት 1 ግሬይ፣ ቀስ ተብሎ ሲሰጥ፣ ተፈጥሮ በአንድ ትውልድ ውስጥ ራሷ የምታመጣውን አዲስ ሚውቴሽን ያህል ይጨምራል ማለት ነው። አዎ፣ ተፈጥሮም ታመጣለች። እያንዳንዳችን በእናት በአባታችን ላይ ያልነበረ በአማካይ ከ60 እስከ 70 የሚሆን አዲስ ለውጥ ይዘን ተወልደናል። አብዛኛው ምንም አያደርግም።

አዲስ ሚውቴሽን እጥፍ ሆነ ማለት በሽተኛ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። በዘር ከሚተላለፈው ችግር የሚበዛው ከቀደሙ ትውልዶች ሲንከባለል የመጣ ነው፣ እንደ ስኳርና ደም ብዛት ባለው ላይ ደግሞ ኑሮና አካባቢ ይጨመርበታል። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ጉዳት ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2001 ይህን አስልቶታል። ወላጆች 1 ግሬይ ቢያገኙ ከሚሊዮን ልጆች ላይ ከ3,000 እስከ 4,700 ተጨማሪ ችግር ይገመታል። ያለ ጨረር፣ በኋላ ዕድሜ የሚመጡት ሥር የሰደዱ በሽታዎች ተጨምረው፣ ቁጥሩ ከሚሊዮን 738,000 ነው። ጭማሪው የነባሩን ከመቶ አንድም አይሞላም። ያውም ለ1 ግሬይ፣ ማለትም ለ10,000 የደረት ራጅ።

ሂሮሺማስ? ከቦምቡ በኋላ አሜሪካውያኑ የዘረመል ተመራማሪዎች ጄምስ ኒልና ዊልያም ሸል ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ከ70,000 የሚበልጡ አራስ ሕፃናት የተካተቱበትን ጥናት መሩ። ሞቶ መወለድ፣ ከባድ የአካል ጉድለት፣ ሕፃን ሆኖ መሞት፣ ሁሉም ተመዘገበ። ጨረር ባገኙ ወላጆች ልጆች ላይ ከሌላው ተለይቶ የሚታይ ጭማሪ አልተገኘም። ማሕፀን ውስጥ እያሉ ቦምቡ የመታቸው ሕፃናት ግን ተጎድተዋል፣ ጭንቅላታቸው ያነሰ፣ አእምሯቸው የዘገየ ነበሩ። የሚያሳዝን እውነት ነው። ጸሐፊው የሂሮሺማ ሕፃናት ፎቶ አይተው ከሆነ የእነሱ ሊሆን ይችላል። ግን ይሄም ያው ከላይ ያልኩት መደባለቅ ነው። የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በደረሰበት በቸርኖቤልም ላይ በ2021 የወጣ ጥናት አለ። ከአደጋው በኋላ የተወለዱ 130 ልጆችና የወላጆቻቸው ሙሉ ዲኤንኤ ተነቦ፣ ወላጆቹ ባገኙት ጨረር ልክ የጨመረ አዲስ ሚውቴሽን አልታየም።

ይህ ማለት ሰው ከአይጥ የተለየ ፍጡር ነው፣ ጨረር አይነካውም ማለት አይደለም። ጭማሪው ካለ በነዚህ መጠኖች ከተፈጥሮው ጫጫታ በላይ የማይሰማ ትንሽ ነው ማለት ነው። በተቃራኒው ወገን «ሰው ላይ አልታየም፣ ስለዚህ የለም» የሚሉም አሉ። እነሱም አይጦቹን ያላሉትን ያስብሏቸዋል።

«ከትውልድ ትውልድ ይብሳል» ለሚለው ጸሐፊው ምንጭ አልጠቀሱም። የዘረመል ተመራማሪውን የዩሪ ዱብሮቫን ሥራ ሰምተው ሊሆን ይችላል። ዱብሮቫ በአይጥ ዲኤንኤ ውስጥ አንድ ዓይነት ፊደል ተደጋግሞ የሚጻፍባቸውን ቦታዎች አጥንቶ፣ ጨረር ያገኙ አይጦች ዘሮች ላይ፣ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ፣ እነዚህ ቦታዎች ሲዋዥቁ አይቷል። የተከበረ ሥራ ነው። ግን እነዚያ ቦታዎች በባሕርያቸው የሚዋዥቁ ናቸው፣ ፕሮቲን የሚሠራ መመሪያም አልያዙም። እሱ ራሱ ያለበት ቡድን በ2015 ጨረር ያገኙ አይጦችን ልጆች ሙሉ ዲኤንኤ ሲያነብ፣ የነጠላ ፊደል ስህተት ይህን ያህል አልጨመረም። የጨመረው የዲኤንኤ ቁራጭ መቆረጥና መደገም ነበር። ይህ ደግሞ ከኦክ ሪጅ ጋር ይስማማል፣ ከዚያ የተገኙት የጨረር ለውጦች ብዙዎቹ ቁራጩ የጠፋባቸው ናቸውና። እየባሰ ስለሚሄድ በሽታ ግን ይህ ሥራ የሚለው ነገር የለም።

«ሳያስፈልግ ራጅ አትነሱ» ቢሉ ኖሮ እጄን አወጣ ነበር። ያለ ምክንያት የሚታዘዝ ራጅ አለ፣ አይቻለሁ። እሳቸው ግን የሚያስፈልገውንም አብረው ጣሉት። የደረት ራጅ የሚያገኘው የሳንባ ነቀርሳ አገራችን ውስጥ በምናብ የምናውቀው በሽታ አይደለም።

የቀረኝ ፎቶው ነው። ለእህቴ ልጅ ስልክ ደውዬ ገልጣ እንድታየው ነገርኳት። «ዓይኗ የቀላ፣ ፀጉሯ የነጣ፣ ነጠብጣብ ያላት፣ ጆሮዋ ያጠረ፣ አይደል?» አልኳት። «አዎ፣ ታስፈራለች» አለችኝ። ራስሎች ያዘጋጇት የሰባቱ ዘረመል አይጥ ቁርጥ ይህችን ትመስላለች። በዘሯ እንደዚያው ናት፣ ሙከራው ሳይጀመርም እንደዚያው ነበረች። ጨረር ያልነካት እናትየው ናት። ጨረሩን የጠጣው አባትየው ከጎኗ ቢነሳ ኖሮ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ተራ ቡናማ አይጥ ነበር።